ቁልቁል የምትበረዋ ሽመላ

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ቡና ላይ ያልተጀመረ የቤት ወጪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለቤቴ አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ጋ በረካውን ሳይቀር ጠጥታ ተመለሰች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ሳሎናችን መሀል ቆመችና ግድግዳውን አየችው። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር እኔን እንኳ እንደዚያ አተኩራ አይታኝ አታውቅም።

«ምነው? በሰላም ነው?» አልኳት።

«ይሄ ግድግዳ ድሮም እንዲህ ነበር?»

ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ድሮ ነጭ ነበር። ነጭ የነበረው ግን የኮንዶሚኒየማችንን ቁልፍ በተረከብን ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ከሶፋው በላይ የጭንቅላታችን ቅባት እንደየቁመታችን ተራ በተራ ታትሟል። ዝቅ ብሎ ልጃችን በሦስት ዓመቷ በእስክሪፕቶ የሣለቻት ፀሐይ አለች። በማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ደግሞ የመላው ቤተሰብ አሻራ ተቀምጧል፤ ፖሊስ ቢፈልገን ብዙም አይለፋም።

«ጎረቤታችን ዎልፔፐር አስለጥፋ ቤቷ ሆቴል መስሏል» አለችና ትንሽ ቆይታ ዋናውን አመጣችው፤ «በዚያ ላይ በሚመጣው ማኅበሩ የኛ ተራ ነው።»

እዚህ ላይ መከራከሪያ አለቀብኝ። የማርያም ማኅበራችን ወር በገባ በ21 ይጠጣል። የማኅበሩ ሙሴ ይመጣሉ፣ የንስሐ አባታችን ይመጣሉ፣ አራተኛ ፎቋም አባል ናትና ትመጣለች። ሃያ ሰው የሚቀመጠው ደግሞ ፊቱን ወደዚያው ግድግዳ አዙሮ ነው።

የጎረቤታችንን ቤት የሠራው ልጅ ስልክ ተገኘ፤ ደወልኩ። የእጅ ዋጋውን ሲነግረኝ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ቁጥሩን ዳግመኛ አየሁት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነው። «ወንድሜ፣ ለመለጠፍ ነው ወይስ ወረቀቱን ለማምረት?» አልኩት። ሳቀ። የሳቀው ሥራውን ስለሚያውቅ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

«እኔው እለጥፈዋለሁ» አልኩ ስልኩን ዘግቼ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ልጃችን ግን ከስልኳ ላይ ቀና አለች፤ አሥራ አምስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ ለእኔ ቀና ስትል ያቺ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

በራሴ መተማመኔ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት በቀረው የመንግሥት ሥራዬ ያልለጠፍኩት ወረቀት የለም። የቅጥር ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የሐዘን መግለጫ፣ «መጸዳጃ ቤቱን በአግባቡ እንጠቀም»፤ ሁሉንም በእጄ ሰሌዳ ላይ ለጥፌያለሁ። አንዱም ወድቆ አያውቅም። የወደቀ ካለም የወደቀው የጊዜ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው።

ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ። ሱቁ ውስጥ ጥቅሎቹ እንደ ሸንኮራ አገዳ ተደርድረው ቆመዋል። ሻጩ ልጅ «ስንት ካሬ ነው፣ ጋሼ?» አለኝ። ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ግድግዳው ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ60 ነው፤ 10.4 ካሬ። አንድ ጥቅል ወርዱ 53 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ሆኖ 5.3 ካሬ ይይዛል። 10.4 ለ5.3 ቢካፈል ሁለት እንኳ አይሞላም።

«ሁለት ስጠኝ» አልኩ በኩራት።

«ሦስት ይውሰዱ፣ ጋሼ።»

ነጋዴ «ጨምር» ሲል የሚጨመረው የማን ኪስ ላይ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ፈገግ ብዬ ሁለቱን ብቻ በፌስታል አስጠቀለልኩ። አረንጓዴ መደብ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ሽቅብ የሚበሩ ነጫጭ ሽመላዎች ያሉበት ነው። ባለቤቴ ስታየው ደስ አላት። «እነዚህ ወፎች ቤቱን ከፍ ያደርጉታል» አለች።

ጥቅሉ ላይ ያለችው ጽሑፍ ቻይንኛ ናት። ከሥሯ ግን ሥዕል ሥዕል ነገር አለ፤ አንዲት ሞገድ፣ አንዲት ፀሐይ፣ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ቀስቶች፣ ከነሱ አጠገብ 64 የሚል ቁጥር። አያቴ አንገቷ ላይ ታስረው የነበረው ክታብ ቢፈታ እንዲህ ያለ ነገር ሳይወጣው አይቀርም። ልጄ ስልኳን አውጥታ በአንድ ደቂቃ ፈታችው። ሞገዷ በእርጥብ ስፖንጅ ይወለወላል ማለት ናት። ፀሐይዋ ቀለሙ ብርሃን ይችላል ማለት ናት። ቀስቶቹና ቁጥሩ ደግሞ ሥዕሉ በየ64 ሳንቲ ሜትሩ ይደገማል፣ የአንዱ ቁራጭ ወፍ ከጎረቤቱ ወፍ ጋር ክንፍ ለክንፍ መግጠም አለበት ማለት ናቸው።

«ስለዚህ፣ አባዬ፣ አንዱ ቁራጭ 2 ሜትር ከ70 ቢበቃውም 3 ሜትር ከ20 እየተቆረጠ ነው የሚሰላው።»

«ግማሽ ሜትሩስ?»

«ለወፎቹ።»

እዚያው ቁጭ ብለን አሰላነው። 4 ሜትር ግድግዳ በ53 ሳንቲ ሜትር ሲከፈል ስምንት ቁራጭ ይፈልጋል። ከአንድ ጥቅል የሚወጣው ሦስት ቁራጭ ነው። ሁለት ጥቅል ስድስት ቁራጭ፤ ሁለት ይጎድላል። ግድግዳ በካሬ ሳይሆን በቁመት ነው የሚለብሰው። ቀሚስ ያሰፋች ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፤ አጠገቤ ያለችውን ግን አላማከርኳትም። «ስድስቱን እንለጥፍ፤ የቀረውን እናያለን» ብዬ ስብሰባውን ዘጋሁ። ያልታቀደ ሥራ በመሥሪያ ቤታችንም የሚዘጋው በዚሁ ቃል ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። ከግድግዳው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል፣ የምረቃ ፎቶዬን፣ ዲግሪዬን፣ የቆመ ሰዓትና የባንክ ካላንደር አወረድን። ከካላንደሩ ሥር ጥርት ያለ ነጭ አራት ማዕዘን ወጣ። ቤታችን አንድ ሰሞን እንዴት ያምር እንደነበር የሚመሰክር ማስረጃ ነው፤ ባለቤቴ ቆማ አየችውና «ይሄው፣ አላልኩህም?» አለችኝ። ምስማሮቹን ነቅዬ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፈንኩ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ብናኙ ቡፌው ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ የወጥ ድስቱ ላይ ሳይቀር አረፈ። የዚያን ዕለት ምሳ ሽሮ ነበር፤ ምኑ ሽሮ ምኑ ስቱኮ እንደነበር እስካሁን አልለየሁትም።

ከዚያ ቱንቢ መጣ። ልጄ ስልኳ ላይ ያገኘችልን የአለጣጠፍ ቪዲዮ መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ ይላል። ክር ላይ የጓንጉል ቁልፍ አንጠልጥዬ ከኮርኒሱ ለቀቅኩት። ክሩ ከላይ ማዕዘኑን ነክቶ ወርዶ ዞኮሎው ጋ ሲደርስ ከግድግዳው ሁለት ጣት ራቀ። እንደገና ሞከርኩት፤ ያው ሁለት ጣት ነው። ነቢዩ አሞጽ በራእይ ቱንቢ ባየ ጊዜ ነገሩ ለእስራኤል ደግ ዜና አልነበረም፤ ለኛም ብሎክ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ ቤት ውስጥ የምንኖር መስሎን ዘመም ባለ ማዕዘን ሥር ፎቶ ስንሰቅል ኖረናል። ፎቶው ተንጋደደ ብላ ባለቤቴ በየሳምንቱ ስታስተካክለው የነበረው ለካ ግድግዳውን ነው።

ሙጫው ዱቄት ነው። ውሃው ባልዲ ውስጥ ቀድሞ ይገባና ዱቄቱ እየተነሰነሰ ይማሰላል። እኔ ዱቄቱን አስቀድሜ ውሃውን ደፋሁበት። ጓጎለ። እንቁላል እንቁላል የሚያህል ጓል ባልዲው ውስጥ እየተንሳፈፈ እኔ በዱላ ሳሳድደው ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች።

«ገንፎ አገንፍተህ አታውቅም?»

አላውቅም። ማማሰያዋን ይዛ መጣች፤ ጓሉን ባልዲው ጠርዝ ላይ እየጨፈለቀች በአሥር ደቂቃ ልስልስ አደረገችው። ያቺ ማማሰያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ወጥ አልተመለሰችም፤ ዛሬም ሰገነት ላይ ከመጥረጊያው ጎን ቆማለች።

ሙጫው ዐረፍ እስኪልልን ልጄ የግድግዳ ወረቀት ታሪክ ታነብልን ጀመር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1712 እስከ 1836 ድረስ ሥዕል የታተመበትን የግድግዳ ወረቀት ግብር ያስከፍሉ ነበር አሉ። ሕዝቡም ባዶ ወረቀት እየገዛ ለጥፎ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ እያለ ያትምበት ነበር። ባለቤቴ በሩን አየት አደረገችና «ቀስ ብለሽ አንብቢ» አለቻት። እውነቷን ነው። እኛ አገር የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚባል አለ፤ በግድግዳው ላይ ስላለው ወፍ ግን እስካሁን የጠየቀን የለም። ነገር ማስታወስ ምን ይሠራል?

ሌላም አነበበች። ሬቬዮን የሚባል የፓሪስ የግድግዳ ወረቀት አምራች ከሞንጎልፊየር ወንድማማቾች ጋር ሆኖ ባሎን ሠራ፤ በራሱ ፋብሪካ ጌጥም አስዋበው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1783 ቬርሳይ ላይ ያ ባሎን በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ ይዞ ወደ ሰማይ ወጣ፤ እንስሶቹም በደኅና ወረዱ። «ወረቀት እንኳን ግድግዳ ላይ ሊቆም ሰማይም ይወጣል» ብዬ ተነሣሁ።

የእኔ ወረቀት ወደ ታች ነው የበረረው።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ሙጫ ቀባሁት። ቪዲዮው ሙጫ የተቀባውን ወደ ውስጥ እጠፉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ ይላል፤ ወረቀቱ ውሃ ጠጥቶ እስኪለጠጥ። እኔ ማስታወቂያ ስለጥፍ ጠብቄ አላውቅም። ከጥበቃችን በተዋስኩት መሰላል ወጣሁ፤ ላይኛውን ጫፍ ኮርኒሱ ሥር አጣበቅኩ፤ በጨርቅ እየወለወልኩ ወረድኩ። ባለቤቴ ከታች ቀጥ አድርጋ ይዛለች፤ ልጄ ራቅ ብላ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» ትላለች። እኔ ዞኮሎው ጋ ደርሼ ላቤን ስጠርግ ከላይ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ወረቀቱ እየመጣ ነው። ከነሙጫው ተከናነብኩት፤ ልክ እንደ ጋቢ፣ ፀጉሬን ጨምሮ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ከኮርኒስ ሥርም እንደሚሠራ ያን ቀን ገባኝ። ልጄ ስልኳን አነጣጥራ ነበር። የቀረጸችው ቪዲዮ አሁን የዘመድ አዝማዱ ስልክ ላይ ሁሉ አለ፤ ከምረቃ ፎቶዬ ይልቅ ብዙ ሰው አይቶታል።

ሁለተኛውን ስንሞክር ረጠብ ያለውን ወረቀት ጫፉን ይዤ ጎተት አደረግኩት፤ አንዲት ሽመላ ከአንገቷ ተለየች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት አባቶች ዎልፔፐር ሳያዩ አልቀሩም። እንደ ምንም አንገቷን ቀጠልናት። ቀረብ ብሎ ላየ ሰው አሁንም ሻርፕ ያደረገች ትመስላለች።

ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ልክ ያዝን። ታጥፎ መቆየቱን አከበርን፤ በደነዘዘ ምላጭ የሚቆረጥ እርጥብ ወረቀት እንደሚተለተል አውቀን ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀየርን። እርግጥ እዚህም እዚያም አየር ቋጥሮ ያበጠ ነበር። ባለቤቴ መርፌ አምጥታ አንድ በአንድ እየወጋች በጣቷ ዳበሰቻቸው። አንዳንዱ ተኛ፤ አንዳንዱ አልተኛም።

አምስተኛው ላይ ሶኬት አለ። ቪዲዮው «ሶኬት ጋ ስትደርሱ ቆጣሪውን አጥፉ» ይላል። እኔ ወደ ቆጣሪው ስሄድ መብራቱ ራሱ ሄደ። ብሎኩ ሁሉ ጨለመ። «ይሄው፣ ለኛ ብሎ ነው» ብዬ ሶኬቱን ፈታሁ፤ በሻማና በልጄ ስልክ ብርሃን ወረቀቱን በትክክል ቆርጬ ሶኬቱን መልሼ አሰርኩት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ልቤ አበጠ። ባለቤቴ «ነገ እንጨርሰዋለን» ስትለኝ «የቀረችው አንዲት ቁራጭ ናት!» አልኩ።

ስድስተኛውን በጨለማ ሙጫ ቀባሁት፤ እንደ ሥርዓቱ አጠፍኩት፤ እንደ ሥርዓቱ ጠበቅኩ፤ ዘረጋሁት፤ ሰቀልኩት። ተአምር ነው! አንዲት እብጠት የለው፣ አንዲት መጨማደድ የለው። እንደ ቆዳ ተጣበቀ። በጣቴ ጫፍ ዳበስኩት፤ ሐር ነው። ሻማዬን አጥፍቼ ሙያ እንዳለው ሰው ተኛሁ።

እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጋረጃውን የገለጠችው ልጄ ናት።

«አባዬ፣ ይቺ ወፍ የት እየሄደች ነው?»

አምስት ረድፍ ሽመላ ሽቅብ ወደ ኮርኒሱ ይበራል። ስድስተኛው ረድፍ አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ወደ ዞኮሎው ይወርዳል። በጨለማ አጥፌ ስፈታው ላዩን ታች አድርጌዋለሁ። ቪዲዮው «ከጀርባው በእርሳስ ላይ ብላችሁ ጻፉ» ብሎ ነበር፤ በአምስቱም ላይ ጽፌአለሁ። ስድስተኛው ላይ እርሳሱ በጨለማ ጠፋብኝ፤ «ላይ የትኛው እንደሆነ እኔ አጣዋለሁ?» ብዬ አለፍኩት። ላንሣው ብል ጥፍር የሚያስገባ ቦታ የለም። ከስድስቱ ሁሉ በሥርዓቱ የተለጠፈው እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ ከሥራ መልስ ሦስተኛውን ጥቅል ፍለጋ መርካቶ ተመለስኩ። ልጁ አወቀኝ። «ሦስት ይውሰዱ አላልኩም፣ ጋሼ?» አላለኝም፤ ዓይኑ ግን ብሎኛል። ያው ወፍ፣ ያው አረንጓዴ፣ ያው የሥዕል ቁጥር ተገኘ። ቤት ስንዘረጋው ግን አረንጓዴው ትንሽ ደብዘዝ ብሏል። ለካ ጥቅሉ ላይ ሌላ ትንሽ ቁጥር አለች፤ የባች ቁጥር ይሏታል። በአንድ ጊዜ አብሮ የታተመ ብቻ ነው ቀለሙ ቁርጥ የሚገጥመው። የኔ ጥቅሎች በአባት አንድ ናቸው፤ በእናት ይለያያሉ። ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ለጥፈን ቡፌውን ከፊት አቆምንባቸው። ስድስተኛው ግን ፊት ለፊት ቀረ። ቡፌያችን አንድ ኃጢአት ብቻ ነው የሚሸፍነው።

በ20 እማዬ ለዝግጅቱ ከጉለሌ መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ ግድግዳው ፊት ቆመች። ዓይኗ ደክሟል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«ይቺን ገልብጠሃታል» አለች፤ ከዚያም ሶፋው ላይ ተቀምጣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ለምን እንደሳቀች ስለገባኝ ሳቅኩ። ባለቤቴና ልጄ አልገባቸውም። እንዲህ ነው ነገሩ።

እኔ ያደግኩበት ቤት ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭዱ በደንብ የቦካ፣ እማዬ በእጇ የመረገችው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ መርካቶ ወርዳ አሮጌ አዲስ ዘመን በኪሎ ትገዛለች። የስንዴ ዱቄት በጥብጣ እሳት ላይ እያማሰለች ሙጫ ትሠራለች፤ እንዲህ ያለ ጓል አይቼበት አላውቅም። ከዚያ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ጋዜጣ ታለብሰዋለች። አንድም ቀን ተንጋዶ፣ አንድም ቀን አብጦ አያውቅም። ካሬ አታሰላ፣ ቱንቢ አትጥል፣ ቪዲዮ አታይ። አሮጌውን ሳትልጥ ስለምትደርብበት ግድግዳችን ዓመት በዓመት ይወፍራል። አንዳንዴ ጥጉ ሲላጥ የቀድሞው ዘመን ብቅ ይላል፤ ከጓድ ሊቀመንበሩ ሥር ጃንሆይ ነበሩ። እማዬ ደንግጣ በምራቋ መልሳ ትለጥፋቸዋለች።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ እማዬ ማንበብ አትችልም ነበር። ፎቶ ያለበትን ገጽ በሰውየው ራስ ታውቀዋለች፤ የባለሥልጣን ራስ ቁልቁል እንዳይሆን በጣም ትጠነቀቃለች፤ የቀበሌ ሰው ይመጣላ። ፎቶ የሌለበት ግን እንደ ዕድሉ ነው። ግማሹ ቀጥ ይላል፣ ግማሹ ይዘቀዘቃል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ቀጥ ያለውንም የተገለበጠውንም እኩል አነባለሁ። በመንግሥት ሥራ ይህን ያህል የጠቀመኝ ትምህርት የለም፤ ዛሬም አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ደብዳቤ ከማዶ ተቀምጬ አነበዋለሁ። ያልቻልኩት አንድ ነገር ቢኖር ወሬውን መጨረስ ነው። ልቤን የሰቀለው ዜና ሁሉ «ወደ ገጽ 5 ዞሯል» ብሎ ያበቃል፤ ገጽ 5 ደግሞ ከጭቃው ጋር ተጣብቋል። በልጅነቴ የጀመርኳቸው ስንትና ስንት ክርክሮች ማን እንዳሸነፈ ሳላውቅ ሃምሳ ዓመቴን አለፍኩ።

በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እማዬም ማታ ማታ ቀበሌ መማር ያዘች። የመጀመሪያ ቀን ሀ ተማረች። ቤት ገብታ ኩራዙን አንሥታ ግድግዳው ላይ ሀ ትፈልግ ጀመር። አገኘች! አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃያ! «አገሩ ሁሉ ሀ ነው እንዴ?» እያለች በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች፤ ፊቷ በርቷል። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ ልጅ ደግሞ ርኅራኄ የለውም።

«እማዬ፣ ይሄ ሀ አይደለም። በ ነው። ጋዜጣው ተዘቅዝቋል።»

ኩራዙን እንደያዘች ቆመች። ግድግዳውን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ዛሬ ሶፋው ላይ እንደሳቀችው ሳቀች። ለሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ጋዜጣ ስትለጥፍ እያንዳንዱን ገጽ ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ ላይና ታቹን አረጋግጣ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድም ገጽ አልተዘቀዘቀም።

እማዬ ይህን ለልጄ ነግራት ስትጨርስ ተነሥታ ግድግዳውን ከአንደኛው ቁራጭ ጀምራ በመዳፏ ዳበሰችው። ያበጡትን እያለፈች፣ ሻርፕ ያደረገችውን ወፍ እያለፈች ስድስተኛው ላይ ቆመች።

«በደንብ የተለጠፈው ግን ይሄ ነው» አለች። ዞር ብላ አየችኝ። «እኔስ ማንበብ አልችልም ነበር። አንተን ምን አግኝቶህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ወረቀት አለኝ፤ የዲግሪ። እሱም በዚያ ሰሞን ከግድግዳው ወርዶ አልጋ ሥር ነበር።

በ21 ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ጸሎት ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ዞረ። ሰው ሁሉ ግድግዳውን አየ፤ ጨዋ ስለሆነ ግን «ቤታችሁ አምሯል» ብቻ አለ። አራተኛ ፎቋ ሦስት ጊዜ አለች፤ በየመሀሉ ወደ ስድስተኛው እያየች። እኔ ከጽዋው ይልቅ የሙሴውን ዓይን እየተከታተልኩ ነው። ሰውየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የፈተና ወረቀት ላይ ስሕተት ያመልጣቸዋል ተብሎ አይታማም። ጠላቸውን ጨርሰው ጢማቸውን ጠረጉና ወደ ንስሐ አባታችን ዞሩ።

«አባ፣ ወፎች የተፈጠሩት በስንተኛው ቀን ነው?»

«በአምስተኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ።»

«ይቺኛዋ» አሉ ሙሴው በጭራቸው እየጠቆሙ፣ «ቅዳሜ ማታ የተፈጠረች ትመስላለች።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ ቀኑን እንኳ አልሳቱም። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እማዬ ናት።

ሽመላዋ ዛሬም እዚያው አለች። ልጄ ሦስተኛው ጥቅል አንድ ትርፍ ቁራጭ አለው፣ እንቀይራት ብትለኝም ቀለሙ አይገጥምም ብዬ ተውኩት፤ እማዬ ስትመጣ ቀድማ የምታያት እሷን ነው። እናንተም ብትመጡ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ አትታይም። ዎልፔፐር ልትለጥፉ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ሦስት ካላችሁ ሦስት ግዙ፤ የባች ቁጥሩን አመሳክሩ፤ ሙጫውን ገንፎ ለሚችል ሰው ስጡ፤ ከጀርባው «ላይ» ብላችሁ ጻፉ። መብራት ከሄደ ተኙ።